ጠላቶቹን በጀርባው የተሸከመ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እነሆ ሃምሳ አምስቱን ቀን ልንጾም ተነሥተናል። ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን ትተናል። ሽሮው በዘይት ሆኗል። አቅም ያለን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ እንቆያለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ግን እስቲ ለአንድ አፍታ ወደ ልባችን እንመለስ። በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝ ግራና ቀኝ ዞረን እጅ እንነሣለን አይደል? ከመካከላችን ታዲያ ያ ሰውዬ ወይም ያቺ ሴትዮ አጠገባችን እንዳይቆሙ አስቀድመን ቦታ የምንመርጥ አለን። አንዱ በአጥር፣ አንዱ በውርስ፣ አንዷ በልጆች ጠብ፣ ሌላው ሳይከፈለው በቀረ ብድር ተቀያይሟል። ሰላም ሳንባባል ሁለትና ሦስት ሁዳዴ ያለፈን አንጠፋም። አባቶቻችን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ብለው የተረቱት እንዲህ ላለነው ነው። ሌባ ካሳለው ያሰበውን ሳይሠራ ይያዛል፤ ቂመኛም ቢጸልይ እንደዚያው ነው።

ተረቱ የሌባ ነገር ካነሣ ዘንድ እኛም የአንድ ሌባ ታሪክ እንነግራችኋለን። ሌባ ብቻም አይደለም፤ የወንበዴዎች አለቃ ነበር። በኋላ ግን ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን በስንክሳር የምታስበው ቅዱስ ሆነ። እርሱም አባ ሙሴ ጸሊም ነው። ጸሊም በግእዝ ጥቁር ማለት ነው። ባሕሩን ከከፈለው ከሊቀ ነቢያት ሙሴ ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ ይህኛው ከጌታችን ልደት በኋላ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖረ ነው።

የእርሱን ነገር ቀድመው ከጻፉልን አንዱ ጳላድዮስ ነው። ጳላድዮስ በግብፅ ገዳማት ተመላልሶ መነኮሳቱን በዓይኑ ያየ ሰው ሲሆን መጽሐፉን የጻፈው በ420 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ነው። ሙሴን በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፣ በመልኩ ጥቁር ይለዋል። በዚያ ዘመን ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ፣ ኖባውንም አክሱማዊውንም፣ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። እኛም የእኛ ነው ብለን እንወደዋለን።

ጳላድዮስ አንድ ደግ ሥራ ሠርቷል፤ የሙሴን ክፋት አልደበቀም። የንስሐውን ትልቅነት ለማሳየት የበደሉን ትልቅነት መናገር ግድ ነው ብሎ አስቀድሞ ጥፋቱን ይዘረዝራል። እኛ ብዙ ጊዜ ቅዱሳንን ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ጻድቅ ሆነው ካልሰማናቸው ደስ አይለንም። ታዲያ ኃጢአተኛው ሰው በማን ይጽናና?

ሙሴ በአንድ የመንግሥት ሹም ቤት አገልጋይ ነበር። እጁ አላርፍ አለ። ጌታው ስርቆቱና ክፋቱ ሲበዛበት አስወጣው። ነፍስ እስከ ማጥፋት ደርሷል ተብሎም ይወራበት ነበር። ከዚያ ቤት ከወጣ በኋላ ሽፍቶችን ሰብስቦ አለቃ ሆነባቸው። ጉልበቱ የሚያስፈራ፣ ልቡ ደንዳና ሰው ነበር።

አሁን የምንነግራችሁን ደግሞ በደንብ ስሙን። አንድ ሌሊት ሙሴ ለክፉ ሥራ ወጥቶ ሳለ የአንድ እረኛ ውሾች ጮኹበት። በጩኸቱ ምክንያት ያሰበው ሳይሳካለት ቀረ። በቃ፣ በደሉ ይኸው ነው። እረኛው ሰደበው፣ መታው ወይም ከሰሰው የሚል አልተጻፈም። የውሻ ሥራው መጮህ ነው፤ ውሾቹም ሥራቸውን ሠሩ። ሙሴ ግን ቂም ያዘ። እረኛውን ሊገድል ፈልጎ ያለበትን ሲጠይቅ ከዓባይ ማዶ ነው አሉት። ወንዙ ሞልቶ ነበር። የግብፅ ዓባይ በዚያ ዘመን ይሞላ የነበረው የእኛ አገር ክረምት ሲወርድለት መሆኑን ታውቃላችሁ። ስፋቱም አንድ ማይል ያህል ደርሶ ነበር ይላል ጸሐፊው። ሙሴ ልብሱን በራሱ ላይ አድርጎ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ወደ ሙላቱ ገባ። ዋኝቶም ተሻገረ።

እስቲ አስቡት! ስለ ውሻ ጩኸት ነው እኮ። ሰው ለአንድ ነፍስ መዳን እንዲህ ያለ ወንዝ ቢዋኝ ስሙ ለዘላለም ይነገር ነበር። ይህ ግን ለመግደል ዋኘ። ቂም ለሰው የማይገባውን ጉልበት ይሰጣል። ለኪዳን ማልደን መነሣት የሚያቅተን ሰዎች የተቀየምነውን ሰው ስናስብ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናችን ሳይከደን ያድራል። ምን እንደምንለው፣ ምን እንደሚመልስልን፣ እንዴት እንደምናሳፍረው ስንል ዶሮ ይጮኻል። እኛም በጥርሳችን ሰይፍ ነክሰን እየዋኘን ነው ማለት ነው። ደግሞም የጠባችንን መነሻ ፈልገን ብናገኘው ከውሻ ጩኸት የማይበልጥ ስንት አለ?

ሙሴ እስኪሻገር ድረስ እረኛው አሸዋ ውስጥ ራሱን ቀብሮ ተሸሸገ። ሙሴ ፈልጎ አጣው። በንዴቱም ከመንጋው የተመረጡ አራት ሙክቶች አረደ፤ በገመድ አያይዞ ያንኑ ወንዝ መልሶ ዋኘው። ሥጋውን በላ፣ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠ፣ ጠጥቶም ጓደኞቹ ወዳሉበት ሃምሳ ማይል በእግሩ ተጓዘ።

የእረኛውን ስም ማንም አልጻፈልንም። አሸዋ ውስጥ ትንፋሹን ውጦ የተኛ ያ ሰው፣ ሊገድለው ሰይፍ ነክሶ የመጣው ወንበዴ አንድ ቀን በመቅደስ ስሙ ይጠራል ቢሉት ያምን ነበር? አያምንም። እኛም ስለ ጠላታችን ቢነገረን አናምንም። እግዚአብሔር ግን ያን ጊዜም ሙሴን ያውቀው ነበር።

ጊዜው ሲደርስ የሙሴ ልብ ተነካ። ስንክሳሩ እንደሚተርክልን ሙሴ ፀሐይን እንደ አምላክ ያይ ነበር። ነገር ግን በውስጡ ጥያቄ አደረበት። ወደ ፀሐይ ቀና እያለ አንተ አምላክ ከሆንህ አናግረኝ ይል ነበር፤ ፀሐይም ዝም አለችው። የማያውቀውንም አምላክ ራስህን ግለጥልኝ እያለ ይለምን ጀመር። ከዚያ በአስቄጥስ በረሃ ያሉ መነኮሳት እግዚአብሔርን ያውቁታል ሲባል ሰማ። ተነሣና ሰይፉን እንደ ታጠቀ ወደዚያው ሄደ።

አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ኤል ናትሩን የሚባለው ሲሆን ከካይሮ በስተሰሜን ምዕራብ በምድረ በዳው ውስጥ ይገኛል። ታላቁ አባ መቃርስ በ330 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ወደዚያ ገብቶ በብቸኝነት መኖር ከጀመረ ወዲህ ብዙ መነኮሳት ተከትለውት ነበር። የሚኖሩት በየበዓታቸው ተራርቀው ነው። በሳምንቱ ቀናት ሰሌን እየታቱ፣ እየጸለዩ ይሰነብታሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ለቅዳሴ ይሰበሰባሉ። ሙሴ መጀመሪያ ያገኘው ቄሱን አባ ኤስድሮስን ነው። አባ ኤስድሮስ ሰይፍ የታጠቀውን ግዙፍ ሰው ሲያይ ደነገጠ። መደንገጡ አያስፈርድበትም። ነገር ግን አላባረረውም። የመጣበትን ጠይቆ፣ እውነተኛውን አምላክ ሊያውቅ እንደ መጣ ሲሰማ ወደ አባ መቃርስ ወሰደው። አባ መቃርስም ሃይማኖትን አስተምሮ አጠመቀው፤ በኋላም አመነኮሰው።

ሙሴ ኃጢአቱን የተናዘዘው በሰው ፊት ነው ይባላል። እኛ ለንስሐ አባታችን በጆሮ ለመናገር ስንት ቀን እንደምናቅማማ አስቡ። እርሱ ግን በቤተ ክርስቲያን ቆሞ የሠራውን ሁሉ በዕንባ ዘረዘረ። አባ መቃርስ ያን ጊዜ ራእይ አየ፤ አንድ መልአክ ጽሕፈት የሞላበት ጥቁር ሰሌዳ ይዞ ቆሟል። ሙሴ አንዱን ኃጢአት በተናገረ ቁጥር መልአኩ ያንን ጽሕፈት ይፍቀዋል። ተናዝዞ ሲጨርስ ሰሌዳው ነጭ ሆኖ ታየ።

ውድ አንባብያን፣ ይህችን ሰሌዳ ልብ በሏት። ሙሴ ከዚያ ቀን በኋላ የሰውን በደል መቁጠር ያቃተው የራሱ ሰሌዳ እንዴት እንደ ነጣ ስለሚያውቅ ይመስለናል። አቡነ ዘበሰማያት ስንደግም በደላችንን እንዲተውልን የምንለምነው እኛ የበደሉንን እንደምንተው እየተናገርን ነው። በየቀኑ እንላታለን፤ አንዳንዴ አፋችን ብቻ ይላታል።

ታዲያ ሙሴ በአንድ ቀን መልአክ ሆነ ማለት አይደለም። የቀድሞ ልማዱ እየተመለሰ ያስጨንቀው ነበር፤ በተለይ የዝሙት ጦር በሕልሙ ሳይቀር አላስቀምጥ አለው። ተስፋ ሊቆርጥ ደርሶ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። አባ ኤስድሮስም ወደ ሰገነት አወጣውና ወደ ምዕራብ እንዲያይ ነገረው። በዚያ ለጦርነት የሚተራመሱ ብዙ አጋንንትን አየ። ወደ ምሥራቅ ሲያይ ግን ቁጥር የሌላቸው ቅዱሳን መላእክት በብርሃን ቆመዋል። ከእኛ ጋር ያሉት ከእነዚያ ይበዛሉ ብሎ አጽናናው። ሙሴም ተበረታ። ስድስት ዓመት ሌሊቱን በበዓቱ መካከል ቆሞ እየጸለየ አደረ።

ያም አልበቃውም። ሌሊት እየወጣ ወደ ሽማግሌዎቹ መነኮሳት በዓት ይሄድ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ውኃ ለመቅዳት አቅም የላቸውም፤ ጉድጓዱ ለአንዳንዱ ሁለት ማይል፣ ለአንዳንዱ እስከ አምስት ማይል ይርቀዋል። ሙሴ ማድጋቸውን ሳያዩት አንሥቶ፣ ሞልቶ፣ በቦታው አስቀምጦላቸው ይመለሳል። ዓባይን ለግድያ የዋኘ ያ ጉልበት አሁን የሽማግሌ ማድጋ ተሸካሚ ሆነ። ሰይጣን ይህን አልወደደም። አንድ ሌሊት ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲቀዳ ወገቡን በዱላ መታው። እንደ ሞተ ሰው ወድቆ ተገኘ፤ ተሸክመው ወሰዱት። ለመዳን አንድ ዓመት ፈጀበት።

እንግዲህ ወደ አራቱ ወንበዴዎች እንምጣ።

ሙሴ በበዓቱ ተቀምጦ ሳለ አራት ወንበዴዎች ገቡበት። የማን ቤት እንደ ገቡ አላወቁም። ለእነርሱ አንድ ምስኪን መነኩሴ ነው። ሙሴ ግን አራቱንም ያዛቸው፤ አሰራቸውም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጉልበቱ አለው። እውነቱም የእርሱ ነው፤ ሊዘርፉት የመጡት እነርሱ ናቸው። በረሃው ጭር ያለ ነው፣ የሚያይ ዓይን የለም። የድሮው ሙሴ ቢሆን አራት ሰው ምን ያህል ጊዜ ይወስድበት ነበር? ለአራት ሙክት ያልራራ እጅ ነው። ይቅር በለን ብለው እንደ ለመኑትም አልተጻፈም። እኛ ብዙ ጊዜ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝና እምረዋለሁ እንላለን። እርሱ እስኪጠየቅ አልቆየም።

አራቱን እንደ ጭድ ጆንያ በጀርባው ተሸከመና መነኮሳቱ ወዳሉበት ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። አራት ሰው! ወንድሞቹ መካከል አወረዳቸውና ማንንም እንድጎዳ አልተፈቀደልኝም፤ ሊዘርፉኝ የመጡትን እነዚህን ምን ላድርጋቸው ብሎ ጠየቃቸው። ፍርዱን ለራሱ አላስቀረም። ወንበዴዎቹም ይህን ሁሉ ያዩና ይሰሙ ነበር። የተሸከማቸው ያ ስሙ በሽፍቶች ዘንድ የሚታወቀው ሙሴ መሆኑን ሲረዱ ደነገጡ። እንዲህ ያለ ብርቱ እግዚአብሔርን ከፈራ እኛ ምን እንጠብቃለን አሉ። እግዚአብሔርን አመሰገኑ፣ ዓለምን ናቁ፣ እነርሱም መነኮሱ። ለዝርፊያ የገቡ በዚያው ቀሩ።

ጠላትን መውደድ ሲባል አንዳንዶቻችን ለሌባ በር መክፈት ይመስለናል። ሙሴ ግን እኮ አስሯቸዋል። ክፋታቸውን አስቁሟል፤ ግን አልተበቀለም። የተወሰደበትን ገንዘብ በሕግ የሚጠይቅ ሰው ስለ ጠየቀ ብቻ በደለኛ አይሆንም። ባሏ የሚደበድባት እኅታችንም ይቅር ማለት ማለት ከዱላው ሥር መቀመጥ ነው ብላ አታስብ፤ ለንስሐ አባቷ፣ ለዘመድ፣ ለሕግም ትናገር። ልዩነቱ ያለው ልብ ውስጥ ነው። ሙሴ ያሰራቸውን ሰዎች አልጎተታቸውም፤ ተሸከማቸው። እኛስ የከሰስነውን ሰው ስናስበው እንዲጠፋ ነው ወይስ እንዲመለስ ነው የምንመኘው? በጸሎታችን ስሙን እንጠራዋለን? ጌታችን ለሚያሳድዱን እንድንጸልይ ያዘዘን በከንቱ አይደለም። ለሰው ሲጸልዩ እየሰነበቱ ያንኑ ሰው መጥላት ይከብዳል፤ የሞከረ ያውቀዋል።

ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ፤ እኔ በበኩሌ ከአራቱ ወንበዴዎች ይልቅ የሚከብደኝ ይኼኛው ነው። አንድ ጊዜ በአስቄጥስ ጉባኤ ተደርጎ ሳለ አባቶች ሙሴን ሊፈትኑት ፈለጉ። ይህ ጥቁር ደግሞ ወደ መካከላችን ለምን ይመጣል ብለው እርሱ እየሰማ ናቁት። ሙሴ ዝም አለ። ጉባኤው ሲበተን አልተናደድህምን ብለው ጠየቁት። እርሱም ውስጤስ ታውኮ ነበር፣ ነገር ግን አልተናገርሁም ብሎ መለሰ።

ከውጭ የመጣ ወንበዴን መታገሥ አንድ ነገር ነው። ከገዛ ወንድሞች፣ ያውም ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በመልክና በትውልድ መናቅ ግን ሌላ ነው። ስንቶቻችን ከማኅበር የወጣነው፣ ከሰንበቴ የቀረነው፣ ደብር የለወጥነው በአንድ ሰው ቃል ነው! ሙሴ ምንም አልተሰማኝም አላለም፤ ቢል ኖሮ እኛ ከእርሱ ጋር ዕድል ፈንታ አይኖረንም ነበር። ተሰምቶታል። አሞታል። ግን ሕመሙን ድንጋይ አድርጎ አልወረወረም። ይቅር ብያለሁ፣ ታዲያ ሳየው ለምን ልቤ ይመታል ብላችሁ የምትጨነቁ ሁሉ እዚህ ላይ ተጽናኑ። የልብ መምታት ቂም አይደለም።

ቅስና ሲሾም ደግሞ ሊቀ ጳጳሱ ነጭ ልብስ አልብሶት አሁንስ ሙሴ ፈጽመህ ነጣህ አለው። ሙሴ ከውጭ ነው፣ ከውስጥም በሆነልኝ ብሎ መለሰ። ሊቀ ጳጳሱም ሊፈትነው ፈልጎ ወደ መቅደስ ሲገባ እንዲያባርሩት ካህናቱን አዘዘ፤ አባረሩት። የሚለውን ለመስማት አንዱ ተከተለው። ሙሴ ሲወጣ ራሱን ብቻ ይወቅስ ነበር፤ በእነርሱ ላይ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ይህን ሁሉ ለሰማ ሰው አይገርመውም። አንድ ወንድም በአስቄጥስ አጠፋ። ሊፈርዱበት ጉባኤ ተቀመጡና ሙሴን አስጠሩት። አልመጣም አለ። ሕዝቡ ይጠብቅሃል ብሎ ቄሱ ላከበት። ያን ጊዜ ተነሥቶ ቀዳዳ እንስራ ውኃ ሞልቶ በጀርባው አዘለና መጣ። በሌላ ተራኪ ቀዳዳ ከረጢት ነው፣ የሞላውም አሸዋ ነው። ሊቀበሉት የወጡት አባቶች ከኋላው እየተንጠባጠበ የመጣውን አይተው ይህ ምንድን ነው አሉት። የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ ሳላየው ዛሬ በሌላው ስሕተት ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ይህን ሲሰሙ ለዚያ ወንድም ምንም አልተናገሩትም፤ ይቅር አሉት።

የጀርባውን ነገር አስተውላችኋል? መጀመሪያ ወንበዴዎቹን ተሸከመበት፤ አሁን ደግሞ የራሱን ኃጢአት። ያ ያጠፋው ወንድም ስሙም ጥፋቱም አልተጻፈም። እኛ ብንሆን ጥፋቱን እንጂ እንስራውን አንጽፈውም ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያወራው ነበር።

ሙሴ እንዲህ ሆኖ አረጀ። ሰባ ደቀ መዛሙርት አፍርቷል፤ ዕድሜውም ሰባ አምስት ደርሶ ነበር። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ከ405 እስከ 407 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ፣ በርበሮች አስቄጥስን ሊወርሩ መጡ። ሙሴ ይህን አስቀድሞ አውቆ አብረውት ለተቀመጡት ሰባት ወንድሞች ዛሬ በርበሮች ይመጣሉ፣ ተነሡና ሽሹ አላቸው። አንተስ አትሸሽምን አሉት። እርሱ ግን ሰይፍ የሚያነሡ ሁሉ በሰይፍ እንደሚጠፉ ጌታ የተናገረው ቃል እንዲፈጸምብኝ ይህችን ቀን ስንት ዓመት ስጠብቃት ኖሬአለሁ አላቸው።

በጥርሱ ነክሶት ዓባይን ያሻገረውን ሰይፍ አልረሳውም። እግዚአብሔር ሰሌዳውን አንጽቶለታል፤ እርሱ ግን ለበደለው ዓለም ዕዳ እንዳለበት ሰው ኖረ። ስለዚህም ሊገድሉት በሚመጡት ላይ እጁን የሚያነሣበት ምክንያት አላገኘም። ወንድሞቹን ግን ሽሹ ነው ያላቸው። ነፍሳችሁን እንደኔ ስጡ ብሎ አላስገደዳቸውም። እነርሱም አንሸሽም፣ ከአንተ ጋር እንሞታለን ሲሉ ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይወቅበት አላቸው።

እንዲህ ሲነጋገሩ በርበሮቹ በር ላይ ደረሱ። ስድስት ዓመት ቆሞ ያደረው፣ አራት ሰው በጀርባው የተሸከመው ብርቱ ክንድ በዚያ ሰዓት አልተንቀሳቀሰም። ገቡና ገደሏቸው። ሥጋው ዛሬም በዋዲ ኤል ናትሩን በባራሙስ ገዳም እንዳለ ይታመናል፤ ያረፈውም መጀመሪያ ሲያየው ከደነገጠው፣ ግን ካላባረረው ከአባ ኤስድሮስ ሥጋ ጋር ነው።

ከሰባቱ ወንድሞች አንዱ ግን ፈርቶ ከተከመረው ሰሌን በስተኋላ ተሸሽጎ ነበር። ልክ እንደዚያ እረኛ ትንፋሹን ውጦ ተኛ። በዚያ ሆኖ ሲያይ የእግዚአብሔር መልአክ አክሊል ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። የተሸሸገውም ወንድም ሰሌኑን ገልጦ ወጣ።

የአባታችን የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ጸሎቱና በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።